ቡናው ስር የምትዘምረውን ወፍ ለማየት ጫካውን መመንጠር የለብዎትም

ጥያቄ፦ «ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የቡና ማሳ አለኝ። ማሳው ከተፈጥሮ ጫካ ጋር ይዋሰናል። ባለፈው ዓመት አራት ክፍል ያላት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ሠርቻለሁ። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጠዋት ቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት ወፍ ትዘምራለች። እንግዶቼ ቁርሳቸውን ትተው ያዳምጧታል። ማየት ግን አልቻልንም። እኔ ራሴ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ ብቻ ለአፍታ አይቻታለሁ። ጭንቅላቷ ግራጫ፣ ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ውበት የላትም። ውጭ አገር የኖረ ዘመዴ ናይቲንጌል የምትባለው ዘማሪ ወፍ ናት ይላል። አንድ አስጎብኚ ደግሞ ድምፅዋን በስልክ ብታሰማት ትወጣለች አለኝ። የሰፈር ልጆች በመረብ ይዘናት በሽቦ ቀፎ አስቀምጣት ይሉኛል። እኔ ያሰብኩት ከስር ያለውን ቁጥቋጦና ሐረግ በሙሉ አስመንጥሬ እንግዶች በግልጽ እንዲያዩዋት ማድረግ ነው። ለቡናውም ይጠቅማል። ምን ይመክሩኛል?» ከጥያቄው ጋር የ40 ሰከንድ የድምፅ ቅጂ ተልኳል።

ምላሽ፦ ናይቲንጌል አይደለችም። ይህን ለማለት ድምፁን መስማት እንኳ አያስፈልግም፤ ወቅቱ ብቻ ይበቃል። ናይቲንጌል የምትራባው በዋናነት አውሮፓና እስያ ውስጥ ነው። ወደኛ የምትመጣው እዚያ ብርዱ ሲገባ ነው። ፋሲካ አካባቢ ደግሞ ተመልሳ ትሄዳለች። እርስዎ ወፏን የሚሰሙት በሐምሌ ዝናብ፣ ጭጋጉ ከጫካው ሳይነሳ ነው። በዚያን ጊዜ ናይቲንጌል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። ዘመድዎ የተሳሳቱት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱ ዝማሬ ላልለመደው ጆሮ ይቀራረባል። ሁለቱም ወፈር ያለ፣ የዋሽንት ቃና ያለው ድምፅ አላቸው።

ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ አራት ጊዜ ሰማሁት። ከነገሩኝ መልክ ጋር ሳገናኘው ጥርጣሬ አልቀረኝም። ወፏ በሳይንስ ስሟ ሲልቪያ አቢሲኒካ የምትባለው ናት። ሲልቪያ የሚለው ጫካ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ አቢሲኒካ ደግሞ የሐበሻ ማለት ነው። እዚህ በአጭሩ ሲልቪያ እላታለሁ።

ከአንዲት ሌላ ወፍ ጋር ግን እንዳትምታታብዎ። የሩፔል ሮቢን ቻት የምትባለው ወፍም ጠዋትና ማታ አሳምራ ትዘምራለች። አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ የበዛበት ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃታል። እሷ ደረቷ ብርቱካናማ ነው፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር አላት፣ የሌሎች ወፎችንም ድምፅ ትቀዳለች። መሬት ላይ ወርዳ እየነጠረች ትለቅማለች። ሲልቪያ እንደዚያ አይደለችም። ቅጠል ለቅጠል፣ ሐረግ ለሐረግ፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች። መሬት ላይ እየፈለጓት ከነበረ ያላገኟት በዚህም ምክንያት ነው። ዓይንዎን ከጉልበት እስከ ቤት ጣራ ከፍታ ባለው ቅጠል ላይ ያድርጉ።

ስለ ወፏ ማንነት ትንሽ ልጨምር፤ ለእንግዶችዎ የሚነግሩት ታሪክ ይሆንዎታል። ለሳይንስ መጀመሪያ ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አገራችንን የዞረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1840 ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ባብለር ከሚባሉት፣ ማለትም ለፍላፊ ከሚል ስም ከተሰጣቸው ወፎች ጋር ተመድባ ቆየች። በእንግሊዝኛ አሁንም የሚጠሯት በዚያው ስም ነው። የዘር ምርመራ ሲመጣ ግን ዝምድናዋ ሌላ ቦታ ተገኘ። የቅርብ ዘመዷ ብላክካፕ ናት። ብላክካፕ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ በጥቅምት ወደኛ የምትመጣ፣ ወንዱ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል ትንሽ ወፍ ናት። ባሌ ተራሮች ላይ ጽድና ኮሶ መካከል የምትዘምረውና ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለችው ግራጫዋ ካትበርድም የዚሁ ቤተሰብ ናት። ስለዚህ በጥር ወር ብላክካፕ ማሳዎ ውስጥ የፍሬ ቁጥቋጦ ላይ ብትታይ ከሩቅ አገር ወደ ዘመድ ቤት እንደመጣች ይቁጠሩት። እኔ ይህን ዝምድና ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አንዷ አህጉር አቋርጣ ትመላለሳለች፤ ሌላዋ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንድ ጫካ ስር አትወጣም።

«ይህ ነው የሚባል ውበት የላትም» ላሉት ግን አልስማማም። ለምርምር በመረብ ተይዛ፣ እግሯ ላይ የቁጥር ቀለበት ታስሮላት ስትለቀቅ በእጄ ይዣት አውቃለሁ። ክብደቷ 20 ግራም አካባቢ ነው፤ አራት አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ከሩቅ ግራጫ የሚመስለው ጭንቅላቷ ቅርብ ሲሆን እንደ ዝናብ ደመና ነው። ከአንገቷ በታች ጀርባዋ በአንዴ ወደ ሞቀ ቡናማ ይለወጣል፤ ልክ አሁን እንደተቆላ ቡና። ዓይኗ ቀላ ያለ ነው። ልቧ መዳፍ ላይ ሲመታ አንድ አንድ ብሎ መቁጠር አይቻልም። ጣቶቼን ስዘረጋ ወዲያው አልሄደችም። ለሁለት ሰከንድ ያህል ተቀምጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሐረጉ ውስጥ ገባች። ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

መልኳ እንደዚህ የሆነው በምክንያት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ጣሪያው ላይ ከሚያርፈው ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ደማቅ ላባ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያየው የለም። ጎጆዋን የምትሠራውም ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ ከቅጠልና ከቀጫጭን ሥር የተሠራች ትንሽ ስኒ የምትመስል ናት። እዚያ ላይ የምትቀመጥ ወፍ ከቅርንጫፉ ጋር መመሳሰል አለባት። ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ናቸው። በመልክ ያልተናገረችውን በድምፅ ትናገራለች። ቀጭንና ስል ድምፅ ቅጠል ሲመታ ይበታተናል። ወፈር ያለና ጥርት ያለ ፉጨት ግን በቅጠሉ መካከል አልፎ ሩቅ ይደርሳል። ማለዳ ላይ ደግሞ ነፋስ የለም። እንግዶችዎን ከቁርስ የሚያስነሳው ዝማሬ ለዚያ ጫካ፣ ለዚያ ሰዓት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ትርጉሙም ቀላል ነው፦ «ይህ ቦታ ተይዟል።»

ስለዚህ «ዓይን አፋር ናት» ሲባል በጥንቃቄ እንየው። የምትሸሸው እርስዎን ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑንና ባዶ ቦታውን ነው። ቅጠል በሌለበት ቦታ ጭልፊት ያገኛታል። ጫካው ስር እስካለች ድረስ ግን ሰው አምስት ሜትር ላይ ቆሞ እንኳ ሥራዋን ትቀጥላለች። ትል ትለቅማለች፣ ትንንሽ ፍሬ ትበላለች፣ ትዘምራለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከስር ያለውን በሙሉ ቢያስመነጥሩ ወፏን አያዩዋትም። ያጧታል። ብዙ ሰው ጫካ ማለት ዛፉ ነው ብሎ ያስባል። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ሰሳውና ቀረሮው ቆሞ እስካለ ድረስ ጫካው አለ ይላል። ለጉሬዛ ይህ በአብዛኛው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚኖረው ከላይ፣ ዛፉ ላይ ነው። ለሲልቪያ ግን ቤቷ ከዛፎቹ ስር ያለው ቁጥቋጦና ሐረግ ነው። እሱ ከተወሰደ ጣሪያው የቆመ፣ ግድግዳው የፈረሰ ቤት ይሆናል።

ምንጣሮ ምን እንደሚያደርግ በቅደም ተከተል ልንገርዎ። መጀመሪያ ፀሐይና ነፋስ ይገባል፤ እርጥብ የነበረው ቅጠል ይደርቃል። ትሉና ትንኙ ይቀንሳል። ጎጆ የሚሰቀልበት ቦታ ይጠፋል፤ የቀረውም ለጦጣና ለእባብ ይጋለጣል። ወፏ ወዲያው ላትሞት ትችላለች። ወደ ጎን ትገፋለች። እዚያ ግን ሌሎች ጥንዶች ቦታውን ይዘውታል። ክረምቱ ሲመለስ ዝማሬው የለም። ባለቤቱም «ወፎቹ ምን ሆኑ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ከአንድ ሁለት ሰው ሰምቼዋለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ ከስር ነበር።

«ተመልሳ ትመጣለች» የሚል ተስፋም አለ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሞቃት አገር የጫካ ስር ወፎች ባዶ ቦታ መሻገር ይከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ፓናማ ውስጥ በሙከራ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የጫካ ወፎችን በጀልባ ወስደው ጋቱን ሐይቅ ላይ፣ ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ለቀቋቸው። አንዳንዶቹ ዝርያዎች 100 ሜትር እንኳ በርረው መድረስ አቃታቸው። ክንፍ ስላጡ አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እንጂ ሜዳ ላይ በርረው ስለማያውቁ ነው። የኛዋ ሲልቪያ የዚያን ያህል አትቸገርም፤ የጫካ ዳርና የተራራ ቁጥቋጦም ትለምዳለች። ቢሆንም የተመነጠረ ሰፊ ማሳ አቋርጣ ትመጣለች ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።

ስለ ቡናው የተናገሩት ትክክል ነው፤ አልክድም። ምንጣሮ ቡናውን ከሽሚያ ያድነዋል፣ ለቀማውንም ያቀላል። ጫካ ቡና ያለው ሰው ሁሉ ከለቀማ በፊት ገጀራ ይዞ ይገባል። የኛ የጥላ ቡና ደግሞ ለወፍ መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት ጫካንና የጥላ ቡናን አነጻጽሮ ነበር። በቡናው ውስጥ የተገኙት የወፍ ዓይነቶች ከጫካው ከእጥፍ በላይ ነበሩ። ይህን ሰምቶ ብዙ ሰው ይደሰታል፤ ደስ ሊለውም ይገባል። ግን ሁለተኛው ግማሽ ይረሳል። የጫካ ብቻ የሆኑትና ከስር ትል የሚለቅሙት ወፎች በብዛት የተገኙት በጫካው ውስጥ ነው። ማለትም ማሳዎ በወፍ ተሞልቶ ሲልቪያ ግን ልትጠፋ ትችላለች። ቁጥር ሳይሆን ማን እንደቀረ ነው መታየት ያለበት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ለኪስዎ ነው። በየዓመቱ ከስር ሙሉ በሙሉ ሲመነጠር ከቁጥቋጦው ጋር የዋንዛውና የቀረሮው ችግኝም አብሮ ይሄዳል። ገጀራ አይመርጥም። ዛሬ ለቡናዎ ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ሲያረጅ የሚተካው ያ ችግኝ ነበር። ልጆችዎ ጥላ የሌለው ቡና ይወርሳሉ። ስለዚህ ወፏን ለጊዜው ብንተዋት እንኳ ሙሉ ምንጣሮ ለማሳው አይበጅም።

ስልኩንም አልመክርም። አስጎብኚው የነገረዎት ይሠራል፤ ለዚህ ነው አደገኛ የሆነው። ወፏ ድምፁን ስትሰማ ሌላ ወፍ ቦታዋን ሊቀማ የመጣ ይመስላታል። ምግቧን ትታ፣ ምናልባትም እንቁላሏን ወይም ጫጩቷን ትታ፣ ከሌለ ጠላት ጋር ልትጣላ ትወጣለች። አንድ ተመራማሪ በዓመት አንዴ ቢያደርገው ጉዳቱ ጥቂት ነው። የእርስዎ ግን ማረፊያ ነው። ዛሬ አንድ እንግዳ፣ ነገ ሌላ፣ ሁልጊዜ ያችኑ ጥንድ። ኢኳዶር ውስጥ በተደረገ ሙከራ በየቀኑ ቅጂ የሚከፈትላቸው አንዳንድ ወፎች ቀኑ በጨመረ ቁጥር ምላሻቸው እየቀነሰ ሄዷል። ያ ማለት ዘዴው ወፏን አስቸግሮ በመጨረሻ ለእርስዎም አይሠራም። አስጎብኚው ራሱ ስልኩን ሲያወጣ በትህትና እንቢ ይበሉት። ግቢው የእርስዎ ነው።

መረቡ ላይ አልቆይም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ አይቻልም። ፈቃድ ቢኖርም ትል የለመደች የጫካ ወፍ ቀፎ ውስጥ ገብታ አትዘምርም፤ ሽቦውን ስትመታ ትውላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ትሞታለች። ለልጆቹ ግን አይቆጧቸው። መረብ ማዘጋጀት የሚያውቅ ልጅ ወፏ የት እንደምትውል ያውቃል። ነገ የእንግዳ መሪ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ቦታውን ያሳዩዎትና ለዚያ ይክፈሏቸው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ማሳው ውስጥ የሚያልፍ ወንዝ ወይም ምንጭ አለ ብዬ እገምታለሁ፤ ቦንጋ አካባቢ ውሃ የሌለው ሸለቆ ብዙም አይገኝም። በውሃው ግራና ቀኝ ቢያንስ 20 ሜትር፣ ከቻሉ 30 ሜትር፣ ገጀራ እንዳይነካው ያድርጉ። ይህ መስመር መጨረሻው ላይ ከተፈጥሮ ጫካው ጋር መገናኘት አለበት። ተቆርጦ የቀረ ደሴት ከሆነ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ሐረጉን አይቁረጡት፤ የወፏ መንገድ ሐረጉ ነው። የቀረውን ማሳ ይመንጥሩ፤ ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ዓመት። የዛፍ ችግኝ ያለበትን ቦታ በችካል ምልክት ያድርጉና ሠራተኞቹ እንዲዘሉት ይንገሩ። ዝማሬው በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ጨርሶ አይመንጥሩ። ወፍ አዘውትራ ስትዘምር አጠገቧ ጎጆ አለ ብለው ያስቡ።

ያ መስመር ዝም ብሎ የሚቀመጥ መሬት አይሆንም። ኮረሪማ የሚወደው እንዲህ ያለውን እርጥብ ጥላ ነው፤ ጥሚዝም እንደዚያው። ሁለቱም በአካባቢዎ ገበያ አላቸው፣ ሁለቱም ከስር ያለውን ጥቅጥቅነት አያፈርሱም። ማር ካለዎትም የንብ ቀፎው እዚያ መሰቀል ይችላል። ከቡናው የሚያጡት ጥቂት ኪሎ አለ፤ የለም አልልዎትም። በማረፊያ የሚኖር ሰው ግን ያንን በሌላ በኩል ያገኘዋል።

ወደ መስመሩ የሚያስገባ አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ይሥሩ። ስፋቱ አንድ ሜትር ይበቃል፤ ቀጥ ያለ ሳይሆን ጠምዘዝ ያለ ይሁን። መጨረሻው ላይ ከቀርከሃና ከቅጠል የተሠራች ትንሽ ዳስ ያቁሙ፤ አራት ሰው ተቀምጦ በቀዳዳ የሚያይባት። ከዳሱ ስድስት ሰባት ሜትር ርቀት ላይ፣ ቁጥቋጦው ጥግ፣ ሰፊ የሸክላ ጣባ ያስቀምጡ። ውሃው ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። መካከሉ ላይ ድንጋይ ያድርጉበት። በበጋ ወራት ወፎች ለመጠጣትና ለመታጠብ ይመጣሉ፤ ሲልቪያም ከሌሎቹ ኋላ ልትወጣ ትችላለች። ጣባውን በየቀኑ ጠርገው ውሃውን ይቀይሩ። የቆሸሸ ውሃ በሽታ ያስተላልፋል፤ ያንን ማድረግ ካልቻሉ ባያስቀምጡት ይሻላል። ማረፊያው ውስጥ ድመት ካለ ደግሞ ነገሩን በሙሉ ይተዉት። ጣባና ድመት አብረው አይሆኑም።

እንግዶቹን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዳሱ ውስጥ ያስገቡ። ነጭና ደማቅ ልብስ አይልበሱ። የካሜራ ብልጭታ ይጥፋ። አርባ ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ አለባቸው፤ አብዛኛው ሰው አሥር ደቂቃ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይነሳል፤ ወፏም የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስምንት በአርባ ሁለት (8x42) የሚባለውን ባይኖኩላር፣ ማለትም የሩቅ ማያ መነጽር፣ ይግዙ። ከዚያ የበለጠ የሚያጎላው ለጫካ አይመችም፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃንም ያጥረዋል። መጀመሪያ ወፏን አይፈልጉ፤ የሚንቀሳቀስ ቅጠል ይፈልጉ። ነፋስ በሌለበት አንድ ቅጠል ብቻ ሲነቃነቅ እዚያ አለች።

ሁልጊዜ አይሳካም። ይህን ለእንግዳው ቀድመው ይንገሩት። «ወፏን አሳያችኋለሁ» ብለው ቃል አይግቡ፤ «ትሰሟታላችሁ፤ ምናልባት ታዩዋታላችሁ» ይበሉ። የቁርስ ጠረጴዛውን ወደ መስመሩ ጠጋ ያድርጉትና ክረምት ላይ የጀነሬተሩን ድምፅ እስከ ሁለት ሰዓት ያዘግዩት። እንግዶችዎ ቁርሳቸውን ትተው ያዳመጡት ያለ ምንም ወጪ ነበር። ከዚያ የበለጠ ነገር ለመጨመር ሲባል ያንኑ ማጣት አያስፈልግም።

ሁለት ማሳሰቢያ ቀርቶኛል። አንደኛው ሕጉ ነው። የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ፣ ማለትም ጥበቃ የሚደረግለት የተፈጥሮ አካባቢ፣ ነው፤ ውስጡም ጥብቅ የሆነ ክልልና ሰው የሚሠራበት ክልል ተለይቶ ተቀምጧል። ማሳዎ ከተፈጥሮ ጫካ ጋር ስለሚዋሰን ገጀራ ከመነሳቱ በፊት ወሰኑ የት እንደሚያልፍ ወረዳዎን ይጠይቁ። ሁለተኛው የእኔ ምክር ወሰን ነው። ሲልቪያ ከምድር ላይ ልትጠፋ የቀረባት ወፍ አይደለችም። ከኛ ተራሮች ተነስታ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ አድርጋ እስከ ማላዊ ትደርሳለች፤ በምዕራብም ካሜሩን ተራሮችና ባዮኮ ደሴት ላይ አለች። እርስዎ የሚያጧት ከዓለም ሳይሆን ከራስዎ ማሳ ነው። አንድ ጥንድ፣ አንድ ሸለቆ። የጠየቁኝም ስለዚያች ወፍ ስለሆነ ይህን ያህል የጻፍኩት ለእሷ ነው።

መስመሩን ከተዉ በኋላ በሚቀጥለው ሐምሌ ሦስት ቦታ ቅጂ ይውሰዱልኝ፦ ወንዙ ዳር፣ ዘንድሮ በተመነጠረው ማሳ መካከል፣ እና ጫካው ጫፍ። ስልኩን ግንድ ላይ አስደግፈው ያስቀምጡና አሥር እርምጃ ይራቁ። ቅጂውን ሲጀምሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በድምፅዎ ይናገሩበት። እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይሁን። ከሦስቱ በየትኛው እንዳለችና በየትኛው እንደሌለች ሰምቼ እጽፍልዎታለሁ።